ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ሞተር፦ በድሮ መኪና ላይ ድንገት የሚጠፋን ሞተር መመርመር

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለዚህ ብልሽት የተተረተ ይመስላል። ሞተሩ መንገድ መሀል ጸጥ ይላል። መኪናው ዳር ይይዛል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ ቁልፉ ሲዞር ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። መካኒክ ፊት ሲቀርብማ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። መካኒኩም ጤነኛ ሞተር እያየ «ካርቡሬተሩ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፤ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ይታጠባል። በሳምንቱ ሞተሩ እንደገና ይጠፋል። «እንግዲያው ፓምፑ ነው» ይባላል፤ ፓምፑ ይቀየራል።

እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ወር ተጉዣለሁ። የቤንዚን ፓምፕ፣ ቦቢና (ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ጥቅልል) እና አራት ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ከቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩንም ሁለት ጊዜ ካስፈታሁ በኋላ ጥፋተኛዋ ከጣት የማትረዝም ሽቦ ሆና ተገኘች። የእሷን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ነው፦ ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ማስረጃ ሳይያዝ ምንም ዕቃ አይገዛም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ይበልጡን የሚያተኩረው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባሉት ሦስት ደቂቃዎችና ለእነሱ በሚደረገው ዝግጅት ላይ ነው።

የምናወራው ካርቡሬተርና ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ መነካኪያ) ስላላቸው የቤንዚን መኪኖች ነው። በፑንቲናው ፋንታ ኤሌክትሮኒክ መለዋወጫ የገባላቸውም ቢሆኑ አብዛኛው ፍተሻ ይሠራላቸዋል።

በቅድሚያ ራስን መጠበቅ

ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩምም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረው ባዶነት) አብሮ ይቆማል። ሰርቮ (የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀልል አጋዥ) ያለው መኪና ከሆነ ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ የሚበቃ እገዛ ይተርፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግመው አይምቱ፤ አንዴ አጥብቀው ይርገጡና መኪናውን ዳር ያውጡ። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን ጨርሶ ወደ ኋላ አይመልሱ፤ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ከዚህ በታች ቤንዚንም የኤሌክትሪክ ብልጭታም እንፈትሻለን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይፈትሹ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፤ በዓይን አይታይም። የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር። ከቦቢናው የሚወጣው ወፍራም ሽቦ እስከ 20 ሺህ ቮልት ስለሚይዝ ሞተሩ ሲዞር በባዶ እጅ አይነካም።

ደረጃ 1፦ አሟሟቱን ይለዩ

ይህ ከሁሉም የላቀ ፍንጭ ነው፤ መሣሪያም አይጠይቅም። ሞተሩ የጠፋው እንዴት ነው?

መብራት በማብሪያ ማጥፊያ እንደሚጠፋ በአንድ ጊዜ ከጠፋ፣ ሳይንገጫገጭና ሳያስል ድምፁ ቀጥ ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ ያዘነብላል። ቤንዚን በዚያ ፍጥነት አያልቅም፤ መንገዱ ቢዘጋ እንኳ በካርቡሬተሩ ገንዳ ውስጥ የተረፈው ለጥቂት መቶ ሜትሮች ያስኬዳል።

በተቃራኒው መጀመሪያ ጉልበት ካነሰው፣ ቤንዚን ሲሰጡት ከመጎተት ይልቅ ካንገራገረ፣ በካርቡሬተሩ በኩል ካስነጠሰና ቀስ በቀስ ከሞተ፣ ሞተሩ ተርቧል ማለት ነው። ጥቁር ጭስ እያጨሰ፣ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተና እየተንገዳገደ ከጠፋ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠግቧል።

መኪናው የሞተር ዙር መቁጠሪያ ካለው ዓይንዎን እሱ ላይ ያድርጉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቆጣሪ ዙሩን የሚያነበው ከቦቢናው ነው። መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ ገና እየተንከባለለ መርፌው ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ ሞተሩ እየዞረ ለቦቢናው ግን ምት አልደረሰውም ማለት ነው። መርፌው ከሞተሩ ጋር አብሮ ቀስ ብሎ ከወረደ ወደ ቤንዚኑ ይሂዱ።

ሌላም አለ። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሪሲዮን ረግጠው ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። ቁልፉ እንደተከፈተ ሞተሩ ከቆመ የባትሪና የዘይት ቀይ መብራቶች መብራት አለባቸው። ካልበሩ ችግሩ ከቦቢናው በፊት ነው፤ ከቁልፉ ቤት፣ ከፊውዝ ወይም ከዋናው መስመር። በዚህ አንድ እይታ ብቻ ብዙ የልፋት ቀን ይተርፋል።

ደረጃ 2፦ ማስታወሻ ይያዙ

«አንዳንዴ ይጠፋል» ማለት ለምርመራ አይበቃም። አነስተኛ ደብተር መኪናው ውስጥ ያስቀምጡና በጠፋ ቁጥር ይጻፉ፦ ከተነሳ ስንት ደቂቃ ሆኖት ነበር? አየሩ ሞቃት ነው ወይስ ጭጋግ? ቤንዚኑ ስንት ይቀር ነበር? ዳገት፣ ኩርባ፣ ኮረኮንች ወይስ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጠው በዝግታ እየሠራ) ቆሞ? እንደገና ለመነሳት ስንት ደቂቃ ፈጀ?

አምስት ጊዜ ያህል ከተጻፈ በኋላ ነገሩ መልክ ይይዛል። ሁልጊዜ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ ከሆነ ሙቀት የሚያዳክመው ዕቃ አለ። ኮረኮንች ላይ ከሆነ የላላ ሽቦ ይጠረጠራል። በረጅም ጉዞ በፍጥነት ሲነዳ ጠፍቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚነሳ ከሆነ የታንኩ መተንፈሻ ወይም በታንኩ ውስጥ ያለ ቆሻሻ ይጠረጠራል። ቀዝቃዛና እርጥብ ጠዋት ላይ ብቻ ከሆነ ስለ በረዶ የምናወራውን ከታች ያንብቡ።

ደረጃ 3፦ ወጥመዱን ያጥምዱ

አንድ አነስተኛ የ12 ቮልት አምፖል ይውሰዱ። አንዱን ሽቦ በቦቢናው የመግቢያ ጫፍ፣ ማለትም ከቁልፉ ኤሌክትሪክ በሚቀበልበት በኩል፣ ሁለተኛውን በመኪናው ቦዲ ላይ ያሥሩ። ሽቦው እሳት በማይነካው መንገድ አልፎ አምፖሉ ሾፌሩ ፊት ይቀመጥ። መኪናው 6 ቮልት ከሆነ አምፖሉም የ6 ቮልት ይሁን።

ከዚህ በኋላ መኪናውን እንደ ወትሮው ይንዱ። ሞተሩ ሲጠፋ አምፖሉም አብሮ ከጠፋ ለቦቢናው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ተቋርጧል። ሞተሩ ጠፍቶ አምፖሉ ከበራ እስከ ቦቢናው ያለው መስመር ነጻ ነው፤ ከቦቢናው ወዲያ ወይም ወደ ቤንዚን ይሂዱ። እኔ ለሁለት ወር ያላገኘሁትን መልስ ይህ አምፖል በሦስተኛው ቀን ግማሹን ሰጠኝ።

ከአምፖሉ ጋር መኪናው ውስጥ የሚቀመጡት እነዚህ ናቸው፦ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ ካንዴላውን ከሞተር ብረት ጋር ለማያያዝ መቆንጠጫ ያለው ሽቦ፣ በመሀሉ የ10 አምፒር ፊውዝ የገባበት ረጅም ሽቦ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የእጅ ባትሪና ደረቅ ጨርቅ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለ መልካም ነው።

ደረጃ 4፦ ሦስቱ ደቂቃዎች

አሁን ሞተሩ ጠፍቷል፤ መኪናው በሰላም ዳር ቆሟል። እጅ ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤ ቶሎ ለማስነሳት ያምራል። አያስነሱ። ከተነሳ ማስረጃው ይጠፋል።

አምፖሉን ይዩ፣ ያስታውሱ፣ ቁልፉን ይዝጉ። ፑንቲናው ተገጣጥሞ ባለበት ቁልፉ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ከቆየ ቦቢናው ይግላል።

ወደ ታንኩ ይሂዱና ክዳኑን ቀስ ብለው ይክፈቱ። አየር ወደ ውስጥ ሲምዘገዘግ የሚያሰማው ረጅም የፉጨት ድምፅ ካለ ታንኩ መተንፈስ ተስኖታል። ፓምፑ ቤንዚን እየሳበ፣ በቦታው ግን አየር ሳይገባ ቆይቶ፣ ፓምፑ የማያሸንፈው ቫኪዩም ተፈጥሯል። ይህ ከተገኘ ምርመራው ያበቃል፤ በክዳኑ ላይ ያለችውን ጥቃቅን ቀዳዳ ወይም የመተንፈሻ ቱቦውን ማጽዳት ነው የሚቀረው።

ፉጨት ከሌለ ኮፈኑን ይክፈቱ። የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንስተው የካርቡሬተሩን ጉሮሮ በእጅ ባትሪ እያበሩ የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በእጅ አንዴ ይግፉት። ፊትዎን ቀዳዳው ላይ አይድፉ። በአብዛኞቹ ካርቡሬተሮች ውስጥ አንዲት ቀጭን የቤንዚን ጅረት ጭርር ብላ መውረድ አለባት። ከወረደች ገንዳው ውስጥ ቤንዚን አለ። ደረቅ ከሆነ ሞተሩ በረሃብ ነው የሞተው። ኤስዩ እና ስትሮምበርግ የተባሉት ካርቡሬተሮች ግን ይህን ጅረት የሚረጭ ፓምፕ የላቸውም፤ በእነሱ ላይ የገንዳውን ክዳን ከፍቶ ማየት ግድ ነው።

ጉሮሮው ውስጥ ሲያዩ ነጭ አመዳይ ካለ ወይም ቤንዚን ከላይ ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ ይመዝግቡት።

ከዚያ የአየር ማጣሪያውን መልሰው ይክደኑ፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ይጥረጉና ትነቱ እስኪበተን ይጠብቁ። ትርፍ ካንዴላውን ከአንዱ የካንዴላ ሽቦ ጋር ያገናኙ፤ ብረቱን በመቆንጠጫው ከሞተሩ ጋር ያሥሩና ከካርቡሬተሩ አርቀው ያስቀምጡ። ሰው ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) ሲያዞር ብልጭታውን ይመልከቱ። ሰማያዊና ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ፣ እንደ ክር የቀጠነና ድምፅ የሌለው ከሆነ ደካማ ነው። ጭራሽ ከሌለ ሌባው ተይዟል፤ የቀረው ቤቱን መፈለግ ነው።

በመጨረሻ የእጅዎን ጀርባ ወደ ቦቢናው ያስጠጉ። ቦቢና መሞቁ ልማዱ ነው፤ ሊነኩት የማይችሉት ያህል የሚፋጅ ከሆነ ግን ይጻፉት። አሁን ማስነሳት ይቻላል።

ብልጭታ ከጠፋ

ይህ የኤሌክትሪክ ዑደት ቻርለስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ለካዲላክ ካዘጋጀው ወዲህ መሠረቱ ብዙ አልተለወጠም፤ ስለዚህ አንዴ የገባው ሰው በየትኛውም የድሮ መኪና ላይ ይጠቀምበታል። ከባትሪው ተነስቶ በቁልፉ በኩል ወደ ቦቢናው፣ ከቦቢናው ወደ ፑንቲናው፣ ከፑንቲናው ወደ ቦዲ ይሄዳል። ፑንቲናው በተላቀቀ ቁጥር ከቦቢናው ከፍተኛ ቮልት ይወጣና በዲስትሪቢዩተሩ በኩል ለካንዴላዎቹ ይከፋፈላል።

*አምፖሉ የጠፋ እንደሆነ።* ሞተሩን በሚኒሞ ላይ እያሠሩ ቁልፉን በቦታው እንዳለ ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ ያድርጉ። የቁልፍ ዘለላዎን አስቡት፤ የቤት፣ የቢሮ፣ የሳጥን ቁልፍ ሁሉ ተንጠልጥሎበት ሃምሳ ዓመት የተወዛወዘ የቁልፍ ቤት ውስጡ ቢያልቅ አይገርምም። ቀጥለው የፊውዝ ሳጥኑን በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ ያድርጉ፤ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ያድርጉ። ሞተሩ ሲንገዳገድ የነኩትን ያስተውሉ። ፊውዙ ሳይቃጠል ጫፎቹ አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

ካልተገኘ ፊውዝ ያለውን ረጅም ሽቦ ከቦዲ ጋር ካልታሠረው የባትሪው ጫፍ (በአብዛኛው ፖዘቲቩ) በቀጥታ ወደ ቦቢናው መግቢያ ያገናኙና ይንዱ። ለቦቢናው ቮልት የሚቀንስ ሬዚስተር ያለው መኪና ከሆነ ሽቦው ከሬዚስተሩ በፊት መግባት አለበት፤ አለበለዚያ ቦቢናውን ይጠብሱታል። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ መጥፋቱን ካቆመ ጥፋቱ በቁልፉና በቦቢናው መካከል ነው። ነገር ግን ሽቦው እያለ ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፤ ሽቦውን መንቀል ያስፈልጋል። ይህ ለሙከራ እንጂ ለኑሮ አይሆንም።

ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ተነስቶ ቁልፉን ሲለቁት ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ብዙ አያስቡ፤ ያ ሬዚስተር ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ላልቷል። ሲነሳ በሌላ መስመር ይመገባል፣ ሲለቀቅ ግን በሬዚስተሩ በኩል ማለፍ አለበት።

*አምፖሉ የበራ እንደሆነ።* ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እንግባ። የእኔዋ ሽቦ የኖረችው እዚህ ነበር።

ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን አይረጋም። ሞተሩ ጭነት በተቀየረ ቁጥር የቫኪዩም መሳቢያው ሳህኑን ጥቂት ዲግሪ ያዞረዋል። በጉዞ ሁሉ ከዚህ ሳህን ጋር የምትታጠፍና የምትዘረጋ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ ከውጭ ያለውን መስመር ከፑንቲናው ጋር የምታገናኝ። የእኔዋ ከውጭ ስትታይ ምንም አልሆነችም፤ የጨርቅ ሽፋኗ ሙሉ ነው፣ ጫፎቿ የጠበቁ ናቸው። በጥፍሬ ይዤ ቀስ ብዬ ስስባት ግን እንደ ላስቲክ ረዘመች። ሽቦ አይረዝምም። ውስጧ የነበሩት የመዳብ ክሮች ሁሉ ተበጥሰው ሽፋኑ ብቻ ነበር ያያዛቸው፤ ሳህኑ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይለያያሉ። ለዚህ ነው ከዳገት ወጥቼ ቤንዚን ስቀንስ ብቻ የሚጠፋው።

ይህን ለመፈተሽ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የቫኪዩም መሳቢያውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ በኩል ይንቀሉና በአፍዎ ይሳቡት፤ የተነቀለበትን ቀዳዳ በጣት ወይም በላስቲክ ይድፈኑ። ሞተሩ ፍጥነቱን ጨመር ካደረገ ጤና ነው፤ ከጠፋ ሽቦዋ ተገኘች። ሳህኑን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የምታያይዝ ሌላ አጭር ሽቦም አለች፤ እሷም እንዲሁ ትበጠሳለች። ሲተኩ ለስላሳና ብዙ ክር ያለው ሽቦ ይጠቀሙ፤ ደረቅ የቤት መስመር ሽቦ አይሆንም።

ከዚያ ፑንቲናው። ክፍተቱ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ0.35 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ከዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ጋር የሚፋተገው ተረከዙ ሲያልቅ ክፍተቱ እየጠበበ ሄዶ ሞተሩ ሲግል ይዘጋል።

ኮንደንሰሩ (በፑንቲናው መካከል የሚፈጠረውን ብልጭታ የሚያፍነው ትንሽ ዕቃ) ከሁሉም ርካሽ፣ ከሁሉም ተንኮለኛ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲለካ ደህና፣ ሲግል ግን ውስጡ የሚከዳ አለ። ምልክቱ በፑንቲናው መካከል የሚታይ ጠንካራ ብልጭታና ካንዴላው ላይ ቢጫ እሳት ነው። በመለካት ጊዜ አያባክኑ፤ ጤነኛ መሆኑ የተረጋገጠ አሮጌ ካለ እሱን ያስገቡ። አዲስ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ብሎ ማመን አያዋጣም፤ ከካርቶኑ እንደወጡ የሞቱ ገጥመውኛል።

ቦቢናው በቴስተር ይለካል። ሁለቱ ቀጫጭን ጫፎች መካከል፣ ሬዚስተር ለሌለው የ12 ቮልት መኪና ወደ 3 ኦም፣ ሬዚስተር ላለው ወደ 1.5 ኦም ይጠበቃል። ልኬቱ ጤነኛ ቢሆንም ሲግል ሊከዳ ስለሚችል መለካት ያለበት ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ብልጭታ ከሌለ ቦቢናው ላይ በውኃ የረጠበ ጨርቅ ይጠቅልሉበት፤ ጫፎቹን ግን አያርጥቡ። ወዲያው ከተነሳ ጥፋተኛው ታውቋል። በተቃራኒው ቤት ውስጥ በፀጉር ማድረቂያ ኮንደንሰሩን ወይም በፑንቲናው ፋንታ የገባውን ኤሌክትሮኒክ ዕቃ አንድ በአንድ እያሞቁ ሞተሩን ማጥፋት ይቻላል። ብልሽቱን ጠርቶ ማምጣት እሱ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይሻላል።

በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ እንደ እርሳስ መስመር የቀጠኑ ጥቁር ስንጥቆችን ይፈልጉ፤ ኤሌክትሪክ የሚሸሽባቸው መንገዶች ናቸው። መሀል ያለችው ትንሽ የካርቦን ዘንግ በስፕሪንጓ ትንቀሳቀስ።

ቤንዚን ከጠፋ

ገንዳው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ከታንኩ ጀምረው ወደ ፊት ይምጡ። ብዙ ሰው ከካርቡሬተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ካርቡሬተር ለመፍታት ስለሚያጓጓ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ፈተና ብዛት ነው። ሞተሩ በርዶ ሳለ የካርቡሬተሩን መግቢያ ቱቦ ነቅለው ጫፉን ንጹሕ ማሰሮ ውስጥ ያድርጉ፤ ብልጭታ እንዳይኖር የቦቢናውን መግቢያ ሽቦም ይንቀሉ። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ከሆነ መስመሩ ከቁልፉ ይከፈታል፤ በሞተር የሚነዳ ከሆነ ሞተሪኖውን ያዞራሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ ሊትር የማያንስ፣ አረፋ የሌለው ቤንዚን ይጠበቃል። አረፋ ካለ በታንኩና በፓምፑ መካከል አየር እየገባ ነው። ይህ ክፍል አሳሳች ነው፦ ከፓምፑ በፊት ያለው ቱቦ ቤንዚኑ በመሳብ ስለሚያልፍበት ቢሰነጠቅ ቤንዚን ሳያንጠባጥብ አየር ይስባል። ዕድሜ የጠገበ የጎማ ቱቦ ደግሞ ከውጭ ሙሉ መስሎ ውስጡ ይላጥና እንደ ክዳን እየተከፈተ እየተዘጋ ያስቸግራል፤ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮ ጎማን ቶሎ ይበላል። ዕድሜው የማይታወቅ ቱቦ ሁሉ ለዛሬ ቤንዚን በተሠራ ቱቦ ይተካ። ይህ ያለ ማስረጃ እንዲገዛ የምፈቅደው ብቸኛው ዕቃ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የሞተሩ መጥፋት ሳይሆን እሳት ነው።

መጀመሪያ በደንብ ፈስሶ ቀስ በቀስ የሚደክም ከሆነ የታንኩን ውስጥ ይጠርጥሩ። የዛገ ታንክ ቅርፊት ይጥላል። ፓምፑ ሲስብ ቅርፊቱ መምጠጫው አፍ ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆምና ተመልሶ ይወድቃል። ቆይቶ የሚነሳው ለዚህ ነው። ከካርቡሬተሩ በኩል በመስመሩ ወደ ኋላ አየር ቢነፋ ለጊዜው ይከፈታል፤ መድኃኒቱ ግን ታንኩን አውርዶ ማጠብ ነው።

እንደ ኤምጂቢ ባሉ መኪኖች ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ፓምፕ የራሱ ቋንቋ አለው። ቁልፉ ሲከፈት ጥቂት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቆማል፤ ገንዳው ሞልቷልና። ሳያቋርጥ በፍጥነት ከቀጨቀጨ ቤንዚን አጥቶ አየር እየሳበ ነው። ጭራሽ ዝም ካለና በካቻቢቴ እጀታ መታ ሲደረግ ከተነሳ በውስጡ ያለው የራሱ ፑንቲና አልቋል።

ሙቀት ሌላው ጠላት ነው። በቤንዚን ውስጥ ያሉት ቶሎ የሚተኑ ክፍሎች ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንኳ መፍላት ይጀምራሉ፤ ቱቦው በጭስ ማውጫው አጠገብ ካለፈ ውስጡ እንፋሎት ይሞላል፣ ፓምፑም እንፋሎትን መግፋት አይችልም። በረጅም ዳገት ወይም በተጨናነቀ መንገድ ላይ በቀትር የሚጠፋ፣ ሲበርድ የሚነሳ ከሆነ በጋለው ቦታ ላይ ውኃ የነካ ጨርቅ ይጠቅልሉ። ከተነሳ ቱቦውን ከሙቀቱ ማራቅ ወይም በመካከል የቆርቆሮ ጋሻ ማድረግ ነው።

ተቃራኒው በረዶ ነው፤ ለብዙ ሰው ማመን ይከብደዋል። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ፣ አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ እርጥበት ሲበዛበት፣ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ይጋገራል። ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ሲቆይ የሞተሩ ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ሰው ኮፈኑን ሲከፍት የሚያገኘው ጥቂት ጤዛ ብቻ ነው። በቮልስዋገን ቢትል ላይ ከካርቡሬተሩ በታች ያለውን ቱቦ የሚያሞቀው ቀጭን የጭስ መስመር በካርቦን ሲደፈን ይህ የታወቀ ችግሩ ነው። ሌሎች መኪኖች ሞቃት አየር ከጭስ ማውጫው የሚስቡበት ቱቦ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ተነቅሎ የተጣለ ሆኖ ይገኛል።

ገንዳው ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ መግቢያውን የሚዘጋው መርፌ ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል፣ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ሰጥሟል። የነሐስ ተንሳፋፊ ከሆነ አውጥተው ጆሮዎ ላይ ይወዝውዙት፤ ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል።

ሚኒሞ ላይ ብቻ ሲጠፋ

በጉዞ ደህና ሆኖ መብራት ላይ ሲቆም የሚጠፋ ሞተር የተለየ ጉዳይ ነው። የሚኒሞዋ ጂግለር (የቤንዚን ማለፊያዋ) ቀዳዳ በጣም ጠባብ ስለሆነች አንዲት ቅንጣት ይበቃታል፤ በአየር ትነፋ እንጂ በሽቦ አትነካ፤ መጠኗ ይበላሻል። ብዙ ካርቡሬተሮች በዚህች ጂግለር ላይ ቁልፍ ሲዘጋ ቤንዚን የሚያቋርጥ ኤሌክትሪክ መዝጊያ አላቸው፤ ሽቦዋ ከላላች ሚኒሞ የለም። ቁልፉን ሲከፍቱ ቀጭ ማለቷን ያዳምጡ።

ፍሬን ሲረገጥ ሞተሩ ከተንገዳገደ ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦ በፒንሳ በቀስታ ይቆንጥጡት። ከተስተካከለ ሰርቮው ወይም ቱቦው አየር ይስባል፤ ያ ደግሞ የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ ለነገ አይባልም። ፍሬን ሲያዝ ወይም ኩርባ ላይ የሚጠፋ፣ ሰርቮው ጤነኛ የሆነ መኪና ካለ በገንዳው ውስጥ ያለው የቤንዚን ከፍታ ይለካ።

ሲበርድ ጥሩ፣ ሲግል ሚኒሞው የሚሞት፣ በብልጭታውም በቤንዚኑም እንከን የማይገኝበት ሞተር ካለ ደግሞ የቫልቭ ክፍተቱን ያስለኩ። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሲግል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

መገኘቱን ማረጋገጥ

ዕቃ ተቀይሮ ሞተሩ አንድ ሳምንት ካልጠፋ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ድሮም አንዳንድ ሳምንት አይጠፋም ነበር። ወደ ደብተሩ ይመለሱና ቀድሞ የሚጠፋበትን ሁኔታ፣ ያንኑ ዳገት፣ ያንኑ ሰዓት፣ ያንኑ የቤንዚን መጠን፣ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ አሮጌውን ዕቃ መልሰው ያስገቡ። ብልሽቱ ከተመለሰ በእርግጥም እሱ ነበር። እኔ የተበጠሰችውን ሽቦ መልሼ ሳስገባት ሞተሩ በዚያው ዳገት ጫፍ ላይ፣ ቤንዚን እንደቀነስኩ ጠፋ፤ በሕይወቴ ሞተር ጠፍቶብኝ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አምፖሉን ቢያንስ ለአንድ ወር አይንቀሉት።